የእርዳታ መኪና ሲዛትበት ማን ይመዝግበው?

ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ፣ ወደ ገላን በሚወስደው በኩል፣ ከባድ መኪኖች የሚያድሩበት ሜዳ አለ። ክረምት ሲሆን ጭቃው ጫማ ያስቀራል። በጋ ሲሆን አቧራው ሻይ ውስጥ ይገባል። ሜዳው ጥግ ላይ በቆርቆሮ የተሠራች ሻይ ቤት አለች። ሰፈሬ እዚያው ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ብቅ እላለሁ። ፓስቲ አለ፣ ፉል አለ። ወሬው ደግሞ በነፃ ነው።

አንድ ቀን ከጎኔ የተቀመጡ ሹፌር ወሬ ጀመሩ። ጋሼ እንበላቸው። መኪና ወደ አሰብ ይመላለስ በነበረበት ዘመን መሪ የጨበጡ ሰው ናቸው። በተሳቢያቸው የእርዳታ ስንዴ ጭነው ያልረገጡት አገር የለም።

«ልጄ፣ አንተ የምትጽፋት ነገር አለች አይደል? እስቲ ይቺን ጻፍልኝ» አሉኝ።

«አንድ ቦታ ላይ አስቆሙኝ። ያ ቦታ ድሮ ኬላ አልነበረበትም። ልጁ መንጃ ፈቃዴን ተቀብሎ በስልኩ ፎቶ አነሳው። ቀጥሎ ፊቴን አነሳ። ‹አሁን አውቄሃለሁ፤ ሁለተኛ በዚህ መንገድ እንዳላይህ› ብሎ መንጃ ፈቃዴን መለሰልኝ። አልመታኝም። አንድ ኬሻ አልነካም።»

ጋሼ ጭነታቸውን አራግፈው ወደ ስምሪት ክፍል ደወሉ። ስልኩን ያነሳው ልጅ «ጭነቱ ሙሉ ነው?» አላቸው። ሙሉ ነው። «መኪናው ደህና ነው?» ደህና ነው። «ታዲያ ምን ሆኑ ጋሼ?» አለና ሳቅ ብሎ ዘጋው።

በሳምንቱ ሌላ ሹፌር እዚያው ቦታ ተይዞ ሁለት ቀን ታግቶ ተለቀቀ። እሳቸውን የሚያንገበግባቸው ይሄ ነው። «ደውዬ ነበር እኮ» ይላሉ አሁንም አሁንም። «ደውዬ ነበር።»

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ሳጠያይቅ ሰነበትኩ። እርዳታ የጫነ ሰው ሲዛትበት፣ ሲታገት፣ ሲገደል ማን ይጽፈዋል? የተጻፈው የት ይሄዳል? ለሕዝብ ሲነገርስ የቱ ይነገራል፣ የቱ ይደበቃል? ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ መዝገቦቹ የተያዙት በዚያ ስለሆነ።

ከትልቁ መዝገብ ልጀምር። የእርዳታ ሠራተኞች ደህንነት የመረጃ ቋት ይባላል። የሚይዘው ሂውማኒቴሪያን አውትካምስ የሚባል የጥናት ድርጅት ነው። ከ1997 ወዲህ በመላው ዓለም በእርዳታ ሠራተኞች ላይ የደረሱ ከባድ ጥቃቶችን አሰባስቧል። በዜና «ዘንድሮ ይህን ያህል የእርዳታ ሠራተኛ ተገደለ» ሲባል የምትሰሙት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተቀዳ ነው። በዚህ መዝገብ መሠረት በ2024 ብቻ 383 የእርዳታ ሠራተኞች ተገድለዋል። እስከዚያ ዓመት ድረስ እንዲህ ያለ ቁጥር ተመዝግቦ አያውቅም። ከእነዚህ ውስጥ 181ዱ የሞቱት ጋዛ ውስጥ ነው፤ 60ዎቹ ደግሞ ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ።

የእርዳታ ሠራተኛ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ነጭ ላንድክሩዘር ውስጥ የተቀመጠ ፈረንጅ ነው። መዝገቡ ሌላ ነው የሚለው። ከሞቱት፣ ከቆሰሉትና ከታገቱት አብዛኞቹ የዚያው አገር ተወላጆች ናቸው፤ ነርሶች፣ መጋዘን ጠባቂዎች፣ አስተርጓሚዎች፣ ሹፌሮች።

አዎ፣ ሹፌሮች። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። «እኛ የድርጅቱ ሠራተኛ አይደለንም፣ በኮንትራት ነው የጫንነው» ይላሉ የሻይ ቤቷ ደንበኞች። እውነት ነው፣ ደመወዛቸውን የሚከፍለው የትራንስፖርት ማኅበሩ ወይም የመኪናው ባለቤት ነው። የመዝገቡ ትርጉም ግን በኮንትራት የሚሠሩ የትራንስፖርትና የጥበቃ ሰዎችን ጭምር ያካትታል። የተጫነው የእርዳታ ስንዴ ከሆነ፣ በዚያ ጉዞ ላይ ጋሼም የእርዳታ ሠራተኛ ናቸው። ይህን ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው፣ «ታዲያ አበሉ የታለ?» አሉኝ።

ችግሩ ትርጉሙ አይደለም። ወሬው እዚያ የሚደርስበት መንገድ ነው። «አንድ ሹፌር ታገተ» ተብሎ ከተነገረና ምን ጭኖ እንደነበር ካልተነገረ፣ መዝገብ ያዡ በምን ያውቃል? ስሚንቶ ጭኖ ከታገተው ጋር ተደባልቆ ይቀራል።

ሌላም ክፍተት አለ። ይህ መዝገብ የሚይዘው ሦስት ነገር ነው፦ መገደል፣ መታገትና ክፉኛ መቁሰል። ዛቻ አይገባበትም። ተዘርፎ ሰው ያልተጎዳበት ጭነትም አይገባበትም። ይህ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ሞትን መደበቅ ከባድ ነው፤ ስለዚህ አገርን ከአገር፣ ዓመትን ከዓመት ለማወዳደር ያመቻል። ዛቻ ግን አንዱ ጋ ይነገራል፣ ሌላው ጋ ይዋጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ብትደምሩ ድምሩ ማንንም አይረዳም።

ስለዚህ ትንንሾቹን ነገሮች የሚለቅሙ ሌሎች አሉ። መቀመጫው ሄግ የሆነና በ2011 የተቋቋመ ኢንሶ የሚባል ድርጅት አለ፤ ሥራው መንግሥታዊ ላልሆኑ የእርዳታ ድርጅቶች የመንገድና የአካባቢ ደህንነት መረጃ በነፃ ማቀበል ነው። ኢንሴኩሪቲ ኢንሳይት የሚባለው ደግሞ ከዜናና ከድርጅቶች የሚያገኘውን ሰብስቦ በየጊዜው ያወጣል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ፣ ኦቻ የምንለው፣ እርዳታ እንዳይደርስ ያደረጉ እንቅፋቶችን በየዓይነታቸው ይመዘግባል። ጥይት አንዱ እንቅፋት ነው። የይለፍ ወረቀት መከልከልም ሌላው ነው። ኬላ ላይ አራት ቀን መቆምም እንዲሁ። የጋሼ ነገር ቦታ ቢኖረው እንደነዚህ ያሉት ጋ ነው።

እንግዲህ አንድ ወሬ መዝገብ ላይ እስኪሰፍር ምን ምን ያልፋል? መረጃ አጣሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው «አየህ ወይስ ሰማህ?» ብሎ ነው። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ባለፈው በዚችው ሻይ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አንድ የቴሌግራም መልእክት መጣ፤ «ሦስት የእርዳታ መኪና ተቃጠለ» ይላል። ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። ሁለት ሰው ወደ ዘመድ ደወለ። አንዲት እናት ልጃቸው በዚያ መስመር ስለነበር መሬት ላይ ቁጭ አሉ። 4 ሰዓት አካባቢ ሌላ መልእክት መጣ፣ አሁን «አምስት» ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ከቦታው የተነሳ ሹፌር ራሱ መጣ። የተቃጠለው ጎማ ነው። አንድ ጎማ። መንገድ ለመዝጋት የነደደ አሮጌ ጎማ። ከኋላው የቆሙት መኪኖች ሦስት ነበሩ፤ ሌላ ሁለት ደግሞ ቆይተው ደረሱ።

አጣሪ ሥራው ይህን መለየት ነው። እርስ በርስ ያልተነጋገሩ ሁለት ምንጮች ይፈልጋል። «እርስ በርስ ያልተነጋገሩ» የሚለው ዋናው ነው፤ አምስት ሰው አንድ የቴሌግራም መልእክት አንብቦ ቢደውል ምንጩ አንድ ነው። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተጫነውን ነገር፣ መኪናው የእርዳታ ምልክት እንደነበረው ይጠይቃል። የተነገረውን ቃል በቃል ይጽፋል። «አስፈራሩኝ» እና «ፊትህን አውቄዋለሁ፣ አትመለስ» አንድ አይደሉም። በሁለተኛው ውስጥ ዕቅድ አለ። ፎቶ ያነሳ ሰው ፎቶውን ለሌላ ሰው ሊልክ ነው ያነሳው። የስምሪቱ ልጅ ያመለጠው ይሄ ነው፤ ኬሻ ሲቆጥር ፎቶውን ሳይቆጥር ቀረ።

ቁጥር ሲነበብ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። አንድ ወረዳ ላይ «በዚህ ወር ክስተት የለም» ከተባለ ሰው ሰላም ነው ብሎ ያነበዋል። መንገዱ ክፉ ከመሆኑ የተነሳ ማንም ካልሄደበት ግን የሚጠቃ የለም፣ የሚቆጠርም የለም። ጋሼ በዚያ መንገድ ካልተመለሱ የመንገዱ ቁጥር ዜሮ ይሆናል። የዛተው ልጅ የፈለገውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከጥቃቱ ቁጥር ጎን ስንት መኪና እንዳለፈ ካልተጻፈ ንባቡ ጎዶሎ ነው።

በእኛው አገር የሆነውን አንድ ቁጥር ላንሳ። በመስከረም 2021 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከሐምሌ አጋማሽ ወዲህ ወደ ትግራይ ከገቡ 445 የጭነት መኪኖች የተመለሱት 38 ብቻ ናቸው ብሎ ተናገረ። ቁጥሩ በአንድ ቀን አገር አዳረሰ። ከዚያ ግን እያንዳንዱ እንደየፍላጎቱ ተረጎመው። አንዱ ወገን «ለጦርነት ወሰዷቸው» አለ። ሌላው «መመለሻ ነዳጅ አጥተው ነው፣ ሹፌሮቹም መንገድ ላይ እየተንገላቱ ነው» አለ። ቁጥሩ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት። እኔ የማስታውሰው የሹፌሮቹን ቤተሰቦች ነው። ለእነሱ 445 ሲቀነስ 38 ፖለቲካ አልነበረም፤ አባት ነው፣ ባል ነው፣ ወንድም ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ የተባበሩት መንግሥታት ለምግብ ፕሮግራሙ በኮንትራት የሚሠሩ 72 ሹፌሮች ሰመራ ላይ መታሰራቸውን በይፋ ተናገረ። ከመኪና ቁጥር አልፎ የሹፌር ቁጥር ዜና ሲሆን የሰማሁት ያኔ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። ያወቁትን ሁሉ ማውጣት ይቻላል ወይ? አይቻልም። ዛቻን ይፋ ማድረግ ቢላ እንደ መያዝ ነው፤ እጀታ አለው፣ ስለትም አለው። «ማክሰኞ ዕለት፣ በዚህ ኬላ፣ ነጭ ተሳቢ የሚነዳ ሹፌር እንዲህ ተባለ» ብላችሁ ብታወጡ፣ ዛቹ ማን እንደተናገረ ወዲያው ያውቃል። ፎቶውም እጁ ላይ አለ።

ስለዚህ መረጃው በክብ በክብ ይሰራጫል። የመጀመሪያው ክብ አሁን መንገድ ላይ ያሉት ናቸው። ለእነሱ ቦታውና ሰዓቱ ሳይሸራረፍ፣ በደቂቃ ውስጥ ይነገራል፤ ሕይወት የሚያድነው ይሄኛው ነው። ሁለተኛው ክብ የድርጅቶቹ የደህንነት ኃላፊዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ «ባለፈው ወር እዚያ አካባቢ አዲስ ኬላ ታየ፣ ሹፌሮችን ፎቶ ያነሳሉ» የሚለውን አዝማሚያ ይፈልጋሉ። ሦስተኛው ክብ እኔና እናንተ ነን። እኛ ጋ ሲደርስ ስም የለም፣ ታርጋ የለም፣ ቀኑ ወር ሆኗል፣ ኬላው ዞን ሆኗል። አንዳንድ ሰው «እነዚህ ሰዎች ሸፋፍነው ነው የሚያወሩት» ይላል። እኔም እል ነበር። አሁን የገባኝ ግማሹ መሸፋፈን ጥበቃ መሆኑ ነው።

ግማሹ ብቻ ግን። ሌላው ግማሽ ፍርሃትና ስሌት ነው። ድርጅቱ አጥፊውን በስም ከጠራ ነገ ይለፍ ሊከለከል ይችላል፤ ዝም ካለ ደግሞ አጥፊው ይለምደዋል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ሦስት ባልደረቦቹ በሰኔ 2021 ትግራይ ውስጥ ተገደሉበት። አንዷ ስፔናዊት፣ ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከሁለቱ አንዱ ሹፌር ነው። ድርጅቱ የራሱን ማጣራት አድርጎ ውጤቱን ይፋ ያወጣው በሐምሌ 2025 ነው፤ ባልደረቦቹ የተገደሉት ሆን ተብሎ እንደሆነም ገልጿል። አራት ዓመት መንግሥትን መልስ ሲጠይቅ ቆይቶ፣ አጥጋቢ መልስ ስላላገኘ እንዳወጣው ነው የተናገረው። አራት ዓመት ብዙ ነው? ለቤተሰብ አዎ። አሁንም እዚያው አገር ሠራተኛና በሽተኛ ላለው ድርጅት ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ፈራጅ መሆን አልፈልግም። ግን ማስረጃው ያኔውኑ ባይሰበሰብ ኖሮ ከአራት ዓመት በኋላ የሚወጣ ነገር አይኖርም ነበር። መመዝገብና ማውጣት ሁለት ሥራ ናቸው የምለው ለዚህ ነው። ማውጣቱ ሊዘገይ ይችላል። መመዝገቡ ግን አድሮ አይሆንም።

«ቀድመው ለታጣቂዎቹ ቢያሳውቁስ?» ብላ የሻይ ቤቷ ባለቤት ጠይቃኛለች። ይደረጋል። ኮንቮዩ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት፣ በስንት መኪና እንደሚያልፍ ለተፋላሚዎቹ ይነገራል፤ የሆስፒታል ወይም የመጋዘን መገኛም ይሰጣል። ይጠቅማል፣ ግን ጋሻ አይደለም። በጥቅምት 2015 አፍጋኒስታን ኩንዱዝ ላይ የዚሁ የሐኪሞች ቡድን ሆስፒታል በአሜሪካ አውሮፕላን ተደብድቦ 42 ሰው ሞቷል፤ መገኛው አስቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። በሚያዝያ 1 ቀን 2024 ጋዛ ውስጥ ወርልድ ሴንትራል ኪችን የተባለው ድርጅት ሰባት ሠራተኞች በእስራኤል ጥቃት ሲገደሉ ጉዟቸው ከእስራኤል ጦር ጋር የተቀናጀ ነበር። እንዲህ ሲሆን የማሳወቁ ጥቅም ወደ ኋላ ዞሮ ይመጣል፦ «አላወቅንም» የሚለው መልስ አይሠራም።

ሕጉን በአጭሩ ልለፈው፤ የሚጎድለው ሕግ ስላልሆነ። የእርዳታ ሠራተኛንና የእርዳታ ጭነትን ማጥቃት በዓለም አቀፍ የጦርነት ሕግ የተከለከለ ነው። ኢትዮጵያም የጄኔቫ ስምምነቶች አባል ናት። የተባበሩት መንግሥታት ጸጥታ ምክር ቤት ነሐሴ 2003 ላይ፣ እንደገናም ግንቦት 2024 ላይ ይህንኑ የሚመለከት ውሳኔ አሳልፏል። የ2003ቱ የመጣው ባግዳድ የነበረው የመንግሥታቱ ድርጅት ቢሮ ነሐሴ 19 ቀን በቦምብ ፈርሶ 22 ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ነሐሴ 19 ዛሬ የዓለም የሰብዓዊ እርዳታ ቀን ሆኖ የሚታሰበው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ከሰፈራችን ልጆች ጋር ትንሽ ልጣላ። ቲክቶክ ላይ ኮንቮይ እየቀረጻችሁ የምትለቁ ሹፌሮችና ረዳቶች፣ በተለይ እናንተ። ከኋላ ሙዚቃ አለ፣ ከፊት ሃያ መኪና ተደርድሯል፣ ታርጋው ይነበባል፣ ከታች «ነገ ጠዋት እንነሳለን ጸልዩልን» ተጽፏል። እንጸልያለን። ግን ለማን እንደነገራችሁት ታውቃላችሁ? ጭነቱን ለሚጠብቅ ሰውም፣ መንገዱን ለሚጠብቅ ሰውም እኩል ነው የነገራችሁት። ቪዲዮው ካማራችሁ ደርሳችሁ ካራገፋችሁና ከተመለሳችሁ በኋላ ልቀቁት። ዛቻ ሲደርስባችሁም መጀመሪያ ላይቭ አትግቡ፣ መጀመሪያ ደውሉ። የደወላችሁበትን ሰዓትና ያነሳውን ሰው ጻፉ። ኋላ «አልተነገረኝም» ይመጣል።

ስምሪት ክፍል ለምትሠሩም አንድ ነገር። «ጭነቱ ሙሉ ነው?» ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሦስተኛ ይሁን። ፊተኛው «ደህና ነህ?» ነው። ሁለተኛው «ምን አሉህ?» ነው።

ይህን ሁሉ ለጋሼ በራሴ ቋንቋ ሳስረዳቸው የሻይ ቤቷ ባለቤት ትሰማ ኖሯል። ብድግ አለችና ከጠረጴዛዋ ሥር ደብተር አወጣች። የዱቤ ደብተሯ ነው፣ ሁላችንም ስማችን አለበት። ከፊት በኩል ሻይ፣ ፉል፣ ዳቦ። ገልብጣ ከኋላ ስትከፍተው ግን ሌላ ጽሑፍ ነው። ቀን፣ የሹፌር ስም፣ የመንገድ ስም፣ የሆነው ነገር። ለራሷ ብላ ከሁለት ዓመት በፊት የጀመረችው ነው። «ሹፌሮቹ ሲመለሱ ይነግሩኛል። ሌላው ሲነሳ ደግሞ እነግረዋለሁ» አለች። የጋሼም አለ። ቀኑ፣ ፎቶው፣ ‹ሁለተኛ እንዳላይህ› የሚለው ቃል፣ ሁሉም በእርሳስ ተጽፏል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት።

እኔ ግን ደነገጥኩ። አንዱ ይህን ደብተር ቢያነሳውስ? ስሙ ሁሉ ተዘርዝሯል። ስሞቹን እንድታጠፋና በስም ፈንታ ቁጥር እንድትሰጣቸው ለመንኳት። ትንሽ አሰበችና ላጲስ ከልጇ ቦርሳ አመጣች። ከኋላ በኩል ያለውን ስም አንድ በአንድ ታጠፋ ጀመር። ጋሼን ቁጥር 14 አለቻቸው።

«ከፊት በኩል ያለውንስ?» አሏት ጋሼ፣ የስድስት ቀን የፉል ዕዳቸውን እያዩ።

«እሱን እንኳ ጋሼ፣ አልነካውም» አለች።